ከመሬት የወሰዱትን ለመሬት መመለስ፦ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርን ስናስታውስ

(በጎንደር ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



በአገራችን ልማድ አልቃሽ ሟቹን ታወድሳለች፤ ለቀስተኛውም እንባውን አብሶ ወደየቤቱ ይመለሳል። እኔ ግን ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ለማስለቀስ ሳይሆን ዕዳ ለማስታወስ ነው። መጋቢት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. በሞት የተለዩን ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ለእኛ ለግብርና ባለሙያዎች የተዉልን ውርስ በምስጋና ብቻ የሚከፈል አይደለምና።

ዶክተር ተወልደ በ1932 ዓ.ም. በዓድዋ ተወለዱ። ከአዲስ አበባው ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ በእንግሊዝ አገር፥ በዌልስ፥ የዕፀዋትን ሥነ ምኅዳር አጥንተው ተመለሱ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን፥ ቀጥሎም የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። የአገራችንን ዕፀዋት በ8 ቅጽ መዝግቦ ያቆየልንን ታላቅ ሥራ ከመሪዎቹ አንዱ ሆነው አካሂደዋል፤ በዚህም ሥራ ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በአርታኢነት የደከሙበት መሆኑን ሳይጠቅሱ ማለፍ ነውር ነው። እሳቸውም በ2010 ዓ.ም. ዐርፈዋል። ዶክተር ተወልደ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮም የአካባቢ ጥበቃ ባለ ሥልጣንን ለረጅም ዓመታት መርተዋል።

ዓለም ይበልጥ ያወቃቸው በድርድር ጠረጴዛ ነው። የባሕርይ ለውጥ የተደረገባቸው ሕያዋን ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ ተቀባዩ አገር አስቀድሞ ዐውቆ የመፍቀድ ወይም የመከልከል መብት እንዲኖረው የአፍሪካን አገሮች ወክለው ተከራከሩ። በ1991 ዓ.ም. በካርታኼና ያለ ውጤት የተበተነው ጉባኤ ፍሬ ያፈራው በ1992 ዓ.ም. በሞንትሪያል ስምምነቱ ሲጸድቅ ነው። «አማራጭ ኖቤል» እየተባለ የሚጠራው ሽልማትም በዚያው የአውሮፓ ዓመት ማለቂያ፥ በ1993 ዓ.ም.፥ ተሰጣቸው።

ይሁን እንጂ ለእኛ የሚቀርበን ሥራቸው የጉባኤው ሳይሆን የማሳው ነው። በ1988 ዓ.ም. በትግራይ በ4 መንደሮች ከገበሬው፥ ከግብርና ቢሮና ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሙከራ ተጀመረ። መሣሪያው ከውጭ የመጣ አልነበረም፤ ቅጠላ ቅጠል፥ ገለባ፥ ፍግ፥ አመድና አፈር በጉድጓድ ውስጥ በየረድፉ ተነጥፎ፥ ውሃ ጠጥቶና ተገላብጦ ብስባሽ ይሆናል። ከዚህ ጋር እርከን ተሠራ፤ ልቅ ግጦሽ በመንደሩ የራሱ ደንብ ተገታ። ለዓመታት በተሰበሰበው የምርት ልኬት ብስባሽ የተደረገበት ማሳ ምንም ካልተደረገበት እጥፍ ያህል ሰጠ፤ ከፋብሪካ ማዳበሪያውም ጋር ተካከለ፥ ብዙ ጊዜም በለጠ።

ታዲያ ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል? ከጎንደር ወጥታችሁ በወገራ፥ በዳባትና በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራራ የሚወስደውን መንገድ ስትከተሉ በየግቢው አጥር ሥር ተከምሮ የምታዩት ኩበት ነው። ዛፉ ባለቀበት ደጋ ሴቶቻችን ሌላ ማገዶ ስለሌላቸው እበቱ ለምድጃ ይሆናል። ለምድሪቱ ሊመለስ የሚገባው ናይትሮጅንና ብስባሽ አካል በጢስ ይወጣል፤ ገበሬውም በጢስ የወጣበትን ሀብት ማካካሻ በብድር ከባሕር ማዶ ይገዛል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማዳበሪያው በጊዜ ባለመድረሱ በክልላችን ገበሬው ምን ያህል እንደተጨነቀ ሁላችን እናስታውሳለን።

ስለ ዘሩም እንዲሁ ነው። ታላቁ የሩሲያ የዕፀዋት ሊቅ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሲዘዋወር በዚችው በጎንደር በኩል አልፏል፤ በየማሳው ያየው የገብስና የስንዴ ዓይነት ብዛት አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች መካከል እንዲቈጥራት አድርጎታል። ኋላም በካሊፎርኒያ ገብስ ላይ የተነሣውን የቫይረስ በሽታ የሚቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያን ዘር መርጦ ያቆየው ማንበብ የማይችል ገበሬ ነበር። ዶክተር ተወልደ «የገበሬው መብት» ሲሉ የተከራከሩትም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ወጣት የልማት ሠራተኛ ሳለሁ በወገራ ደጋ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ልዩ ልዩ ገብስ ቀላቅለው ሲዘሩ አግኝቼ፥ «አባቴ፥ ይህ ዘር አይደለም፤ ጥርቅም ነው» ብዬ በሰው ፊት አሳፈርኋቸው። እሳቸውም ቀና ብለው፥ «ልጄ፥ ሰማዩ ዓመት ዓመቱን አንድ አይደለም፤ ዘሬ ስለምን አንድ ይሁን?» አሉኝ። ስቄ አለፍሁ። በዚያው ዓመት ውርጭ ቀድሞ ወረደ። እኔ ያስዘራሁት ምርጥ ዘር ሳያፈራ ሲቀር፥ ከሽማግሌው ማሳ ቀደም ብሎ የደረሰው ገብስ ቤተ ሰቡን አሻገረ። ይቅርታ ልጠይቃቸው ስሄድ ሽሮና እንጀራ አቀረቡልኝ እንጂ ስለ ነገሩ አንድ ቃል አልተነፈሱም። የዶክተር ተወልደን ጽሑፎች ኋላ ሳነብ ዘወትር ፊቴ የሚደቀኑት እኒያ ሽማግሌ ናቸው።

ባልደረቦቼ፥ ሟቹን የምናከብረው እውነቱን በመናገር ነው። በሐሳባቸው ያልተስማሙ የሙያ ወንድሞችና እኅቶች ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የደኅንነተ ሕይወት አዋጅ ምርምርን ያሥራል ተብሎ በ2007 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የሕዝባችን ቍጥር በበዛበት፥ የአባ ወራው መሬት በጠበበበት ዘመን ብስባሽ ብቻውን ይበቃልን? ብሎ መጠየቅም ተገቢ ነው። እኔም ብቻውን ይበቃል አልልም። በትግራይ የተገኘው ልኬት በወገራ ውርጭና በደባርቅ ቁልቁለት መፈተን አለበት። የምለው ግን፥ አፈሩ ብስባሽ ከሌለው የፋብሪካው ማዳበሪያም ከጎርፉ ጋር ተክዜ ይወርዳል።

ስለዚህ መታሰቢያቸው ሐውልት እንዳይሆን እለምናለሁ። እያንዳንዳችን ዝናሙ ሳያባራና ለምለሙ ሳይደርቅ በመስከረም ከአንድ ገበሬ ጋር አንድ ጉድጓድ እንቈፍር፤ እበቱ ከምድጃ እንዲተርፍ ማገዶ ቈጣቢ ምድጃና የጓሮ ዛፍ እናስቀድም፤ በየወረዳው የቀረውን የገብስ ዘር ከእነ ስሙና ከእነ ባሕርዩ ከባለቤቶቹ አፍ እንመዝግብ። ባለሙያ ሆነንም ኑሯችንን በልክ እናድርግ፤ ለገበሬው ቁጠባን እያስተማርን እኛ በብክነት ብንኖር ማንም አያምነንምና።

ዶክተር ተወልደ ከዲንነት እስከ ዓለም አቀፍ መድረክ ደርሰው ሳለ መላልሰው የተናገሩት ስለ አፈርና ስለ ገበሬ ነበር። እኛም ነገ ማለዳ ወደየወረዳችን ስንመለስ መጀመሪያ የምንጐበኘው የማንን ማሳ እንደ ሆነ ከአሁኑ እናስብ።

ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።