ስለ ብሩክሊን ዶጀርስ ጥቂት ተጫዋቾች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የስፖርት ክበብ አባሎች ያደረጉት ንግግር)



ስለ አንድ የውጭ አገር ቡድን እንድንናገር በተፈቀደልን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ነገሩ ስለ እግር ኳስ መስሏችሁ ነበር። እኛ ግን የመረጥነው በአገራችን እምብዛም የማይታወቀውን ቤዝቦልን ነው። ወርዋሪው ኳሷን ይወረውራል፤ መቺው በዱላ ይመታታል፤ መትቶም አራቱን ማረፊያዎች ዞሮ ከጨረሰ ለቡድኑ አንድ ነጥብ ያስገኛል። ሕጉ ከዚህ ብዙ ይበልጣል፤ ለዛሬ ግን ይበቃናል። ዓመተ ምሕረቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በኒውዮርክ ከተማ፥ በብሩክሊን ክፍል የነበረው ዶጀርስ እስከ መጨረሻው ውድድር እየደረሰ የሚሸነፍ ቡድን ነበር። ከ1941 እስከ 1953 ባለው ጊዜ በዚያችው ከተማ ቡድን በያንኪስ አምስት ጊዜ ድል ሆነ። ደጋፊዎቹም በየዓመቱ «ለከርሞ ጠብቁ» ማለትን ልማድ አደረጉ። (እኛም በክፍል ለክፍል ውድድር ይህንኑ ደጋግመን ስላልን፥ ቡድኑን የወደድነው በዚሁ ሳይሆን አይቀርም።)

በዚያን ዘመን ታላላቆቹ የቤዝቦል ማኅበሮች ጥቁር ተጫዋች ካሰለፉ ከ60 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። በ1945 የዶጀርስ ኃላፊ ብራንች ሪኪ ጃኪ ሮቢንሰንን አስጠርቶ ሲያነጋግረው፥ ቢሰደብም ቢመታም አጸፋውን እንዳይመልስ ቃል አስገባው። ይህን ሰው ፈሪ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ ባለፈው ዓመት የጦር መኮንን ሳለ፥ ወደ አውቶቡሱ ኋላ ሂድ ቢሉት እንቢ ብሎ፥ በጦር ፍርድ ቤት ተከሶ በነጻ የተለቀቀ መሆኑን ይወቅ። እንግዲህ ዝም ያለው ከገዛ ጠባዩ ጋር እየታገለ ነው።

ኤፕሪል 15 ቀን 1947 በ28 ዓመቱ ሜዳ ገባ። ስድቡ ከተመልካቹም ከተጋጣሚውም ይወርድበት ነበር፤ የግድያ ዛቻም በፖስታ ይደርሰው ነበር። በዚያው ዓመት ከአዲስ ገቦች ሁሉ አንደኛ ተባለ፤ በ1949 ደግሞ የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተሸለመ። ተጋጣሚዎቹን ይበልጥ ያስጨነቀው ግን ሩጫው ነው። በ1955 ከያንኪስ ጋር በተደረገው የመጀመሪያ ግጥሚያ፥ ወርዋሪው ኳሷን ሊለቅ ሲል ከሦስተኛው ማረፊያ ተነሥቶ ወደ መጨረሻው ተወረወረ። ዳኛው «ደርሷል» አለ። የያንኪሱ ቀላቢ ዮጊ ቤራ እየዘለለ ተቃወመ፤ በ2015 እስኪሞት ድረስም «አልደረሰም» እንዳለ ኖረ። ፊልሙን ያየነው እኛም እስካሁን አልተስማማንም። በዚያ ዓመት ጆኒ ፖድረስ የተባለ የ23 ዓመት ወርዋሪ ሰባተኛውን ግጥሚያ 2 ለ 0 አሸነፈና፥ ከርሞ የተባለው ዓመት ደረሰ።

በዚሁ በ1955 ሳንዲ ኩፋክስ የሚባል የ19 ዓመት የብሩክሊን ልጅ ቡድኑ ውስጥ ገባ። ክንዱ እጅግ ብርቱ ነበር፤ ኳሷ ግን ወዳሰበበት አትሄድለትም። እስከ 1960 ድረስ 36 ግጥሚያ አሸንፎ 40 ተሸነፈ። በ1961 ቀላቢው ኖርም ሼሪ «ኃይልህን ጥቂት ቀንስ» ብሎ መከረው። ምክሯ ቀላል ትመስላለች፤ ብርቱ ለሆነ ሰው ግን ከባድ ናት። ከዚያ በኋላ ኩፋክስን የሚመታው ጠፋ። በ1965 ከተጋጣሚዎቹ አንድ ሰው እንኳ የመጀመሪያውን ማረፊያ ሳይረግጥ ግጥሚያ ፈጸመ። በዚያው ዓመት የመጨረሻው ውድድር መክፈቻ በአይሁድ የስርየት ቀን ስለ ዋለ፥ አይሁዳዊ ነውና አልጫወትም አለ፤ ሰባተኛውንና ወሳኙን ግን ሁለት ቀን ብቻ ዐርፎ 2 ለ 0 አሸነፈ። በ1966 ክርኑ በሕመም ስለ ተጐዳ በ30 ዓመቱ ጨዋታ ተወ።

ሮይ ካምፓኔላን ወደ መጨረሻ ያቆየነው በፈቃዳችን ነው። ይህ ጥቁር ቀላቢ በ1951፥ በ1953ና በ1955 የናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ቡድኑ ወደ ሎስ አንጀለስ በተዛወረበት በ1958 መጀመሪያ መኪናው ተገልብጣ ሰውነቱ ሽባ ሆነ፤ በአዲሱ ከተማም አንድ ቀን ሳይጫወት ቀረ። ሜይ 7 ቀን 1959 ለክብሩ ከያንኪስ ጋር ግጥሚያ ሲደረግ 93,103 ሰው መጣ። የቀድሞው የቡድኑ አለቃ ፒ ዊ ሪስ ባለጎማ ወንበሩን እየገፋ ወደ ሜዳው አስገባው። መብራቱ ሁሉ ጠፋ፤ በጨለማውም ውስጥ ሕዝቡ እያንዳንዱ ክብሪቱን ለኮሰለት።