ከጎጃም በረንዳ ወደ ስድስት ኪሎ

እሷ፦ ጎጃም በረንዳ ያላችሁ ወላጆች፣ እሑድ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በፒያሳ በኩል ወደ ላይ ውጡ።

እሱ፦ ፒያሳማ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ።

እሷ፦ እሱ ብቻውን ቀን ይፈልጋል። ትንንሾቹን መጀመሪያ አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው የምወስዳቸው። እዚያ ያለችው ቅሪተ አካል ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብታስቆጥርም ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አያልፍም፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቁመቱን ከእሷ ጋር ይለካካል።

እሱ፦ እኔ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን ደረጃ አስቀድማለሁ። ጣሊያን በወረራው ጊዜ ለፋሺስት አገዛዝ እያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን ሠራ፤ ከነጻነት በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት።

እሷ፦ እርከኑን ልጆቹ ይቁጠሩት! እዚያው ግቢ ባለው ሙዚየም ውስጥ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን መኝታ ቤት ያያሉ፤ ሕንፃው ቤተ መንግሥታቸው ነበርና።

እሱ፦ እንግዲያው ማልዳችሁ ውጡ፤ ሁለቱን በአንድ ከሰዓት ማዳረስ ልጅ ያደክማል።