ዘር በወቅቱ፣ ውሃ በልኩ
(በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ወደዚህ መድረክ ስንወጣ የለመድነው ገቢና ወጪ ማንበብ ነው። ዛሬ ግን ከቁጥሩ በፊት ስለ አንድ የሕንድ የግብርና ዩኒቨርሲቲ እናወራችኋለን። ለምን ብትሉ፣ ባለፈው ዓመት ከተዘዋዋሪ ብድሩ ለአትክልት ቡድኖቻችን የጎመንና የካሮት ዘር ገዝተን ነበር። ዋጋ አወዳደርን፤ ደረሰኙ ተሟላ፤ ኦዲተሩም አንዲት ነጥብ አላነሳብንም። ዘሩ ግን እጃችን የገባው ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። መዝገቡ ንጹሕ፣ መደቡ ባዶ ሆነ። እህቶቻችን ያልቀመሱትን ጎመን ዕዳ ዛሬም እየከፈሉ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ስንገዛ ዋጋውን ጠየቅን እንጂ ወቅቱን አልጠየቅንም።

ከዚያ ወዲህ ዘርና እውቀት በጊዜው ለአርሶ አደር እንዴት እንደሚደርስ ስናነብ ከረምን። ብዙ ያስተማረን በሉዲያና ከተማ የሚገኘው የፑንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው በ1962 ሲሆን፣ በ1963 መርቀው የከፈቱት ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔህሩ ናቸው። በዚያን ጊዜ ሕንድ ሕዝቧን ለመመገብ ከአሜሪካ በሚመጣ ስንዴ ላይ ትደገፍ ነበር። ሲቋቋምም የአሜሪካው ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አግዞታል። ይህ ለአገራችን እንግዳ ታሪክ አይደለም፤ የእኛንም ሐረማያ ሲመሠረት የረዳው ከዚያው ከአሜሪካ የኦክላሆማው ዩኒቨርሲቲ ነበር። የሁለቱም መነሻ ሐሳብ አንድ ነው፦ ማስተማር፣ መመራመርና አርሶ አደሩን ማገልገል በአንድ ቤት ይሁን የሚል።

በሉዲያና ይህ ሐሳብ በሥራ ሲውል ምን ይመስላል? ተመራማሪው ዲልባግ ሲንግ አትዋል ከሜክሲኮ የመጣውን አጭር ስንዴ ለፑንጃብ መሬት እንዲስማማ መርጠው ካወጧቸው ዝርያዎች አንዱን በተወለዱባት መንደር ስም ካልያን ብለው ሰየሙት። ሌላው የዩኒቨርሲቲው ባለሙያ አትዋል ደግሞ (ስማቸው ቢመሳሰልም ሰዎቹ ሁለት ናቸው) በ1960ዎቹ የጣሊያንን ንብ በሕንድ አላምደው የማር ሥራውን አስፋፉ።

እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ግኝቱ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ማሳ የሚደርስበት መንገድ ነው። ዩኒቨርሲቲው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢትና በመስከረም አካባቢ፣ ኪሳን ሜላ የሚባል የአርሶ አደሮች ትርኢት ያዘጋጃል። ጊዜው በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ሁለቱም ከዘር ወቅት በፊት ናቸው። አርሶ አደሩ መጥቶ ምርጥ ዘር ይገዛል፤ ማሳውን ይጎበኛል፤ ጥያቄውን በቀጥታ ለተመራማሪው ያቀርባል። የትኛው ዝርያ መቼ እንደሚዘራና ምን ያህል ማዳበሪያ እንደሚበቃው የሚናገረው መጽሐፍ በየወቅቱ በራሱ ቋንቋ በፑንጃቢ ታትሞ ይቀርብለታል። “ቻንጊ ኬቲ” ማለትም “መልካም እርሻ” የተባለው ወርሃዊ መጽሔትም በዚያው ቋንቋ ነው።

ከትርኢቱ ውጭም በሩ ክፍት ነው። አፈርና ውሃ ይመረመራል፤ የታመመ ተክል ይዞ የመጣ ሰው በተክል ክሊኒኩ ምክር ያገኛል። ወደ ሉዲያና መሄድ ላልቻለ ደግሞ በየአውራጃው የተከፈቱ የእርሻ ሳይንስ ማዕከላት አሉ። ሴቶች ምግብ ማቀነባበርን፣ እንጉዳይ ማምረትንና ንብ ማነብን ይሠለጥናሉ። የግብርና ተማሪዎችም ከመመረቃቸው በፊት መንደር ወርደው ከአርሶ አደሩ ጋር ይሠራሉ። ተማሪው ዲግሪውን ከመያዙ በፊት ጭቃውን ረግጦታል ማለት ነው።

እንግዲህ ይህ የገቢው ገጽ ነው። እኛ የሂሳብ ሰዎች ስለሆንን የወጪውንም ገጽ መግለጥ አለብን።

ፑንጃብ ከሕንድ የቆዳ ስፋት 1.5 በመቶ ያህል ብቻ ብትሆንም፣ ለአገሪቱ የእህል ክምችት ብዙ ስንዴና ሩዝ ከሚያስገቡት ክልሎች አንዷ ሆነች። ሩዙ ግን የሚበቅለው በአብዛኛው ከመሬት በታች በፓምፕ በሚሳብ ውሃ ነው። ከ1997 ጀምሮ ለእርሻ ፓምፖች ኤሌክትሪክ በነፃ ሲሰጥ፣ ማንም ሰው የሳበውን ውሃ በወጪ አልመዘገበውም። የእህሉ ገቢ በየዓመቱ ሲነበብ፣ የጉድጓዱ ውሃ በየዓመቱ ወደ ታች ይሸሽ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንላለን፤ እዚያ እያሳሳቀ የሄደው ራሱ ውሃው ነው። በ2009 ክልሉ የሩዝ ችግኝ ከሰኔ 10 በፊት እንዳይተከል በሕግ እስከ መከልከል ደረሰ። እዚህም ላይ ቀኑ የአውሮፓውያን ነው።

ዩኒቨርሲቲውን የምናከብረው የቀድሞውን ምክሩን ለማረም ስላላፈረ ነው። ቶሎ የሚደርሱ የሩዝ ዝርያዎችን አወጣ። መሬት ውስጥ ተተክሎ ሩዙ ውሃ የሚፈልግበትን ጊዜ በቀለም የሚያሳይ ቀላል መሣሪያ ለአርሶ አደሩ አቀረበ። የቅጠሉን አረንጓዴነት ከቀለም ሰሌዳ ጋር አስተያይቶ ዩሪያ ያስፈልግ እንደሆነ ማወቅንም አስተማረ። ከአውስትራሊያ ባለሙያዎች ጋር ሆኖ የሩዝ ገለባ ሳይቃጠል ስንዴ የሚዘራ ማሽን ሠራ። ያም ሆኖ ችግሩ ገና አልተፈታም። የተለመደን ትርፍ መተው ከባድ ነው።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የአትክልት ቡድኖቻችን የውሃ ፓምፕ ለመግዛት የብድር ጥያቄ አቅርበዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በጀሪካን ውሃ የሚቀዳውን ጀርባ እናውቀዋለን። ይሁን እንጂ ብድሩ ከመጽደቁ በፊት ሦስት ነገር እንዲሟላ ጉባኤውን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ውሃ በበጋም በክረምትም ይለካ፤ ልኬቱም ከገንዘቡ ጎን በመዝገባችን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የመደቦቻችን አፈር ተመርምሮ ውጤቱ ማንበብ ለማይችሉ እናቶች በቃል ይነገር። ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ ዘር ስንገዛ በውሉ ላይ ከዋጋው ቀጥሎ የመድረሻ ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ካለፈ ክፍያ አይኖርም።

ለጋሾቻችን፣ በሚቀጥለው ሪፖርታችን “ስንት ብር ወጣ” ከሚለው ጎን “ዘሩ መቼ ደረሰ፣ ውሃው የት ላይ ነው” የሚል ዓምድ ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የማያኮራ ቢሆንም እንኳ ሳንደብቅ እናቀርበዋለን። ባለፈው ዓመት ዘር ዕዳ ለገቡት እህቶቻችንም የመክፈያ ጊዜው እንዲራዘም የውሳኔ ሐሳብ አቅርበናል፤ የዘገየው ዘሩ እንጂ እነሱ አይደሉምና።

አሁን ወደ ገቢና ወጪው እንለፍ።