መልኩ ብዙ፥ ጭቃው አንድ



በጅማና በአጋሮ ገበያ ጀበናው፥ እንስራውና ምጣዱ በስምም በመልክም ተለይተው ይሸጣሉ፤ ጭቃቸው ግን አንድ ነው። ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ የተባለው ጥንታዊ የሕንድ መጽሐፍ፥ ኡዳላካ የተባለ አባት 12 ዓመት ተምሮ በትምህርቱ ኰርቶ የተመለሰውን ልጁን ሽቬታኬቱን በዚሁ በሸክላ ምሳሌ እንደ ገሠጸው ይተርካል። ቀጥሎም ጨው በውሃ አሟሙቶ ከላዩ፥ ከመካከሉና ከሥሩ አስቀመሰው። ቡናን በጨው ለሚጠጣ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ዓይን ያጣውን ምላስ ያገኘዋል። የፍጥረት መሠረትም እንዲሁ በሁሉ ውስጥ ተሰውሮ ይኖራል ማለቱ ነው። ኋላ የተነሡት የሂንዱ ፈላስፎች ይህን ብራህማን ይሉታል።

ይሁን እንጂ በትርጓሜው ተለያዩ። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የነበረው ሻንካራ፥ እውነተኛው ህልውና ብራህማን ብቻ ነው፤ ልዩነት የሚታየን ባለማወቃችን ነው አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት ማድህቫ ተነሥቶ አምላክና ነፍስ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው ሲል ተቃወመው። ፈጣሪን ከፍጡር ለይቶ ለሚያምነው ለአገራችን ክርስቲያንና እስላም የማድህቫ ቃል ሳይቀርበው አይቀርም።

በሃይማኖት ብንለይም የኡዳላካ ተግሣጽ ለእኛ ለተማርነው ይደርሰናል። ቡና አምራቹ ማመልከቻውን ይዞ ከጠረጴዛችን ፊት ሲቆም፥ ልብሱንና አነጋገሩን አይተን ጉዳዩን ለነገ የምናሳድር ከሆነ፥ እንስራውን አይተን ጭቃውን አላወቅንም፤ የተማርንበትም ዘመን ሁሉ ከንቱ ነው።