ስለ ወህኒ ቤት ትምህርትና ስለ ኮምፒዩተር



ለእስረኞች በኮምፒዩተር ትምህርት ቢሰጥ ይበጃልን? የሚለው ጥያቄ በክፍላችን ለክርክር በቀረበ ጊዜ፥ አንዳንዶቻችን «ሌባን ማስተማር የተማረ ሌባ ማፍራት ነው» ብለን ነበር። ነገር ግን ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳስታወቀው፥ በእስር ሳሉ የተማሩት ወደ ጥፋት የመመለሳቸው ዕድል ካልተማሩት በ43 በመቶ ያነሰ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ያን አሳባችንን ተውነው።

በካሊፎርኒያ፥ ሳን ክዊንቲን በሚባለው ወህኒ ቤት፥ እ.ኤ.አ. በ2014 እስረኞች የኮምፒዩተር ፕሮግራም መጻፍ መማር ጀመሩ፤ ያውም ኢንተርኔት ተከልክለው! እኛስ ጥቂት ሲከብደን መልሱን ከዚያው እንለቅም የለምን?

በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት ግን ሌላ ነገር ሆነ። ታብሌቱ ለእስረኛው በነጻ ተሰጠ፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 እንደ ተገለጸው፥ ውሉ መጽሐፍ ለሚያነብበት በየደቂቃው 5 የአሜሪካ ሳንቲም ያስከፍል ነበር። መጻሕፍቱ ከወህኒ ቤቱ ውጭ ላለ ሰው ያለ ዋጋ የሚገኙ ናቸው። የእስረኛው የሥራ ዋጋ ደግሞ በሰዓት ከ4 እስከ 58 ሳንቲም ነበር። እስቲ አስሉት፤ 4 ሳንቲም የሚያገኘው ሰው አንዲት ደቂቃ ለማንበብ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊሠራ ነው። ፊደል እየቈጠረ ቀስ ብሎ የሚያነበው፥ ማለት ትምህርቱ ይበልጥ የሚያስፈልገው፥ ከሁሉ አብልጦ ይከፍላል።

በክርክሩ «ይሰጥ» ያለው ወገን አሸነፈ። ሆኖም እጃችንን ከማንሣታችን በፊት፥ በውሳኔው ላይ «የደቂቃ ሒሳብ ሳይጠየቅበት» የሚል ቃል አስጨመርን።