የድንጋይ ምስክርነት



መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ሆኖም ከከተማዋ ወጣ ብሎ በአንታሎና በዙሪያው ባሉ ገደሎች የባሕር ዛጎል የታቀፉ ድንጋዮች አሉ። ልጆቻችን «ባሕሩ የት ሄደ? መቼስ ነበር?» ቢሉን ምን እንመልሳለን? አንዳንዶቻችን የመጣልንን እንናገራለን፤ አንዳንዶቻችን ልጁን ዝም እናሰኛለን። ሁለቱም አይበጁም። ሳያውቁ መመስከር በዲናችን ከባድ ነገር ነውና፣ የድንጋይ ምስክርነት እንዴት እንደሚሰማ በዛሬው ዝግጅታችን እንመለከታለን።

በቅድሚያ ድንጋዩ ከምን እንደተሠራ ይጠየቃል። ሲያሹት አሸዋ የሚረግፍ ከሆነ አሸዋ ድንጋይ ነው። አዲስ በተሰበረ ገጹ ላይ በውኃ የቀጠነ አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት አረፋ የሚደፍቅ ከሆነ ደግሞ የኖራ ድንጋይ ነው። የአንታሎ ድንጋይ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ነው። በውስጡ ያሉት ዛጎሎችም የባሕር ፍጥረታት ስለሆኑ ስፍራው ባሕር እንደነበር ይመሰክራሉ።

ቀጥሎ ዕድሜው ይጠየቃል። ንብርብሩ ካልተገለበጠ በስተቀር ከታች ያለው ከላይ ካለው ይቀድማል። ዛጎሎቹም በሌላ አገር ዕድሜያቸው ከታወቀ ዓይነቶች ጋር ይመሳከራሉ። በዚህ መንገድ የአንታሎ ድንጋይ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመት ግድም እንደሚሆነው ታውቋል።

ዕድሜን በቁጥር ለመለካት ግን የእሳተ ገሞራ አመድ የተሻለ ምስክር ነው። በአመዱ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ማዕድናት ፖታሲየም የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ከእርሱ ጥቂቱ ክፍል ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ዐለቱ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ከረጋ በኋላ ግን በውስጡ ይጠራቀማል። የተጠራቀመውን የለካ ዕድሜውን ያውቃል። በአፋር ሐዳር በሕዳር 1967 ዓ.ም. የተገኘችው ድንቅነሽ ዕድሜዋ የታወቀው አጥንቷ ተለክቶ አይደለም። ከበታቿ ያለው የአመድ ንብርብር ተለክቶ ወደ 3.18 ሚሊዮን ዓመት ስለሆነው ነው። ብዙዎቻችን «በካርቦን ተለካ» እንላለን። ካርቦን ግን ከ50,000 ዓመት ግድም በላይ አይደርስም።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ጥያቄ ለቀደምት ሊቆቻችን እንግዳ አልነበረም። ከ973 እስከ 1048 እ.ኤ.አ. የኖረው አል-ቢሩኒ፣ በዐረቢያ በረሃ ጉድጓድ ሲቆፈር የሚወጣውን ዛጎል አይቶ ምድሩ ቀድሞ ባሕር እንደነበር ጽፏል። በእርሱ ዘመን የነበረው ኢብን ሲናም ጭቃ በረጅም ዘመን ወደ ድንጋይ እንደሚለወጥ አስተምሯል። ሁለቱም አይተውና መርምረው ተናገሩ እንጂ በግምት አልፈረዱም።

እንግዲህ በእርሻም ሆነ በድንጋይ ፈለጣ ላይ ሳለን ቅሪተ አካል ብናገኝ ምን እናድርግ? ነቅለን ወደ ቤት አንውሰድ፤ ለገዢም አንሽጥ። ከንብርብሩ የተለየ አጥንት ከላዩና ከታቹ ምን እንደነበረ የሚናገርለት የለውም፤ ዕድሜውን ማወቅም እጅግ አስቸጋሪ ይሆናል። ባለበት ትተን ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት እናሳውቅ። ይህ ለልጆቻችን የምናቆየው አማና ነው።

አላህ ጠቃሚ እውቀት ይወፍቀን።