መስመር ሲቆረጥ ኪሳራው የማን ነው?

(በጎሬ ከተማ ለቡና አቅራቢዎች፣ ለመምህራንና ለወጣቶች ከተደረገ ንግግር)



የዛሬው ንግግር ስለ ገበያ ሰርቨር ነው ሲባል፣ “ቡና ሻጭን ከሰርቨር ጋር ምን አገናኘው?” ያላችሁ አትጠፉም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ከሩቅ አንፈልገው፤ እዚሁ ጎሬ አለ።

በ1894 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቀደ፤ ጋምቤላ ላይም ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ የዚህ አገር ቡና ቁልቁል ወደ ጋምቤላ እየወረደ፣ ባሮ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጫን ነበር። ጎሬ የእንግሊዝ ቆንስላ ነበረባት፤ የግሪክ ነጋዴ ነበረባት። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡም የኢትዮጵያ መንግሥት መቀመጫ ለጥቂት ወራት ይህችው ጎሬ ነበረች። እንግዲህ በዚያ ዘመን የካርቱምን ዋጋ ቀድሞ የሚሰማው ማን ነበር? መርከቡ አጠገብ የቆመው ነዋ! ጫካ ውስጥ ቡና የሚለቅመው ገበሬ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነበር፤ ያውም ነጋዴው እንዲሰማ የፈለገውን ያህል ብቻ። መርከቡ ቀርቷል። የወረፋው አቀማመጥ ግን ተለውጧል ወይ?

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2001 ዓ.ም. ቡና ገባበት። ያኔ ገዥና ሻጭ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ እየተጯጯሁ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ነበር የሚዋዋሉት። እጅ ሲማታ የሚያይ ምስክር አለ፤ ማን ቀደመ፣ ማን ዘገየ፣ ዓይን ይፈርዳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ጩኸቱ ቀረና ግብይቱ ወደ ኮምፒዩተር ገባ። ኋላም ከአዲስ አበባ ውጭ፣ እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች፣ የኤሌክትሮኒክ መገበያያ ማዕከል ተከፈተ። በጥር 2017 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በሩን ከፈተ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አቅራቢና ላኪ በቀጥታ የሚዋዋሉበት መንገድ ቢኖርም፣ የዋጋው ወሬ የሚነሳው አሁንም ከማዕከል ነው።

እኔ ኮምፒዩተር መግባቱን የምቃወም ሰው አይደለሁም። መዳፍ ለመዳፍ መማታት የራሱ ተንኮል ነበረው፤ ጥቅሻ ነበረው፤ ዝምድና ነበረው። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ምስክሩ ዓይን መሆኑ ሲቀር፣ አሁን ምስክሩ ማን ነው?

ምስክሩ ያ ሰርቨር የምንለው ነው። ስለዚህ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የአቅራቢውም የገበሬውም ጉዳይ ነው፤ “የቴክኒክ ሰዎች ሥራ ነው” ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ ፊዴሊቲ የተባለ የገንዘብ አስተዳዳሪ ኩባንያና ሳሎመን ብራዘርስ የተባለ የወል ስትሪት ድርጅት፣ በስልክ እየተጯጯሁ መገበያየቱ ቢሰለቻቸው ፊክስ የሚባል የመልእክት ቋንቋ አወጡ። ዛሬ የዓለም የአክሲዮን ገበያዎች በአብዛኛው የሚነጋገሩት በዚሁ ወይም በአምሳያው ነው። ቋንቋው ቁጥር እንጂ ሌላ አይደለም። 35 የተጻፈበት ቦታ የመልእክቱን ዓይነት ይናገራል። 38 መጠን ነው፤ 44 ዋጋ ነው። 54 ላይ 1 ካለ ግዢ፣ 2 ካለ ሽያጭ። በመጨረሻ 10 የሚል ቦታ አለ፤ እሱ የድምር መፈተሻ ነው፤ በመንገድ ላይ አንዲት ፊደል ብትበላሽ ድምሩ አይገጥምም፣ መልእክቱም ይጣላል።

ከሁሉም ግን 34 የምትባለውን አጥብቃችሁ ያዙልኝ። እሷ ተራ ቁጥር ናት።

የመጋዘን ደረሰኝ ጥራዝ አይታችሁ የለ? 40፣ 41፣ 42 እያለ ይሄዳል። ጥራዙ ውስጥ 41 ከጠፋ ኦዲተሩ ምን ይላል? “የት ገባ?” ይላል። የገበያ ሰርቨርም እንደዚያው ነው። የደላላው ኮምፒዩተር የሚልከው መልእክት ሁሉ ተራ ቁጥር አለው፤ የገበያውም መልስ የራሱ ተራ ቁጥር አለው። ገበያው እስከ 40 ተቀብሎ ሳለ በድንገት 44 ቢመጣለት “ከ41 ጀምሮ ድገምልኝ” ይላል። አስቀድሞ ያለፈ ቁጥር ደግሞ፣ ድጋሚ መሆኑ ሳይገለጽበት፣ ተመልሶ ቢመጣ መስመሩን ዘግቶ ይወጣል። ዝም ብሎ አያልፍም። አቤት፣ የእኛ መሥሪያ ቤቶች እንዲህ በሆኑ!

ሁለተኛው የልብ ምት የሚሉት ነው። ለምሳሌ 30 ሰከንድ ተብሎ ይወሰናል። አንደኛው ወገን 30 ሰከንድ የሚልከው ነገር ካጣ “አለሁ” የምትል ባዶ መልእክት ይልካል። “አለሁ” ከቀረች ሌላው “አለህ ወይ?” ብሎ ይጠይቃል። መልስ ካጣ መስመሩ ሞቷል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ ልግባ። መስመሩ ለ20 ደቂቃ ጠፍቶ ሲመለስ፣ ያልደረሱት ትዕዛዞች ይደገሙ ወይስ አይደገሙ? ከ20 ደቂቃ በፊት “በዚህ ዋጋ ሽጥልኝ” ያልከው ትዕዛዝ፣ ዋጋው ከተለወጠ በኋላ ቢደገምና ቢፈጸምስ? ሰርቨሩን የሚያዘጋጀው ባለሙያ ይህን አስቀድሞ መወሰን አለበት። ቋንቋው ብልሃት አለው፤ ያረጀውን ትዕዛዝ ሳይደግም “ከ41 እስከ 43 የሚሠራ የለም፣ እለፈው” ማለት ይቻላል። ግን ይህን የሚያዘው ሰው ነው፤ ማሽኑ ከራሱ አያመጣውም።

ሌላም አለ። ትዕዛዙ ገበያው ውስጥ ከገባ በኋላ የአንተ መስመር ቢቆረጥስ? ትዕዛዝህ ይሰረዛል ወይስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል? ከተሰረዘ የዕለቱን ሽያጭ አጣህ። ከቆየ ደግሞ ዋጋው ሲንቀሳቀስ አንተ ልታነሳው በማትችልበት ሰዓት ሌላው ያነሳብሃል። ሁለቱም አሠራር በዓለም አለ። የሚያስከፋው ሦስተኛው ነው፤ ሕጉ የትኛው እንደሆነ ሻጩ ሳያውቅ ሲቀር!

ጎበዝ፣ ይህ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በሰኔ 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን ጀምሮ እስከ መጋቢት ድረስ ጎረቤቶቻችን ምዕራብ ወለጋ፣ ቄለም ወለጋና ሆሮ ጉድሩ ኢንተርኔት ብቻ ሳይሆን ስልክም ተነፍገው ከረሙ። እነዚያ ወራት ምን ወራት ናቸው? ለእናንተ አይነገርም፤ ቡናው ደርቆ ለገበያ የሚወጣበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደገና በአገር አቀፍ ደረጃ ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘጋ። ዘጊዎቹ “ለጸጥታ ሲባል” ይላሉ። ጸጥታውስ ጸጥታ ነው፣ ስልኩ ጸጥ ካለ ሌላ ምን ይሰማል! ነገር ግን አንድ ሰው የማያየውን ዋጋ ተቀበል ሲባል፣ የልዩነቱ ብር በአየር ላይ አይተንም፤ ከአንዱ ኪስ ወጥቶ ሌላው ኪስ ይገባል። መስመር ያለው መስመር ከሌለው ይገዛል። ባሮ ዳር መርከቡ አጠገብ የቆመውን ሰው አስታወሳችሁት?

ሰርቨር በዘጊ ብቻ ሳይሆን በአዘጋጁ ቸልተኝነትም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 2012 ናይት ካፒታል የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ከስምንት ሰርቨሮቹ ሰባቱን አዲስ ፕሮግራም ጭኖ አንዱን ረሳው። ያ የተረሳው ሰርቨር በ45 ደቂቃ ውስጥ ማንም ያላዘዘውን ትዕዛዝ ሲያዥጎደጉድ ድርጅቱን ከ440 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስከፈለው። እዚያ እንኳን ማን ምን እንደላከ መዝገቡ ስለነበረ ጥፋቱ በግልጽ ተጣርቶ ታወቀ።

እንግዲህ ከመቱ ዩኒቨርሲቲ ለመጣችሁ ልጆች የሥራውን መንገድ ባጭሩ ልንገራችሁ። ክዊክፊክስ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ምንጩ ክፍት ነው። ሁለት አሮጌ ኮምፒዩተሮች ይበቋችኋል፤ አንዱ ገበያ፣ አንዱ ደላላ ይሁን። በማስተካከያ ፋይሉ ላይ የላኪና የተቀባይ ስም፣ የልብ ምቱ ሰከንድ፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት ይጻፋል። ስሙ በአንዲት ፊደል ቢሳሳት አይግባቡም። ተራ ቁጥሩ የሚቀመጥበትን ፋይል ዲስክ ላይ አድርጉት እንጂ በማስታወሻ ብቻ አትተዉት፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ መብራት ደግሞ እንደምታውቁት ነው። ተጠባባቂ ሰርቨር ካለ ተራ ቁጥሩ ወደ እሱም በየጊዜው ይገልበጥ፤ አለበለዚያ ተጠባባቂው ሲነሳ ከ1 ይጀምርና ገበያው “አላውቅህም” ይለዋል። ብዙ ቦታ ተጠባባቂ ተገዝቶ የማይጠቅመው በዚህ ነው።

ሰዓቱን አደራ! ፊክስ የሚጽፈው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። እኛ ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለውን የግድግዳው ሰዓት 9 ይለዋል፣ የሰርቨሩ መዝገብ ደግሞ 6 ይለዋል። አንድ ቅጽበት ሦስት ስም አላት ማለት ነው። ክርክር የተነሳ ዕለት ሦስቱን ማስታረቅ ያልቻለ ሰው ይረታል። ከዚያ ሁሉም ሲሠራ የኔትወርኩን ገመድ በእጃችሁ ንቀሉትና አምስት ትዕዛዝ ላኩ፤ መልሳችሁ ሰኩትና መዝገቡን አንብቡ። የትኛው ተደገመ፣ የትኛው ታለፈ? ይህን ሳታዩ “ሠራ” አትበሉ።

አቅራቢዎች ሆይ፣ የእናንተ ድርሻ ገመድ መንቀል አይደለም፤ ወረቀት መጠየቅ ነው። ቡናችሁን የሚሸጥላችሁ የገበያው አባል ሽያጩን ሲነግራችሁ ዋጋውን ብቻ ተቀብላችሁ አትሂዱ። ትዕዛዜ በስንት ሰዓት ገባ? ተራ ቁጥሩ ስንት ነው? ገበያው በስንት ሰዓት መለሰ? መስመር ተቋርጦ ነበር ወይ፣ ከመቼ እስከ መቼ? ብላችሁ ጠይቁ። ይህን የሚያህል መዝገብ በየትኛውም ደህና የገበያ ሰርቨር ውስጥ ይጻፋል። ምርት ገበያውንም ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ፤ መስመር ሲቋረጥ የገባ ትዕዛዝ ምን እንደሚሆን፣ አንድ ማዕከል ሙሉ በሙሉ ሲጠፋ ግብይቱ ለሁሉም ይቆም እንደሆነ ወይም ለተቀሩት ይቀጥል እንደሆነ፣ ቅሬታ ያለው ሻጭ መዝገቡን በስንት ቀን ውስጥ ማየት እንደሚችል። ደብዳቤው ሲገባ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይሰጠው፤ ቅጂው ላይም ማህተም ይደረግበት። ያለ ቁጥር የገባ ደብዳቤ የት እንደሚገባ እናውቃለን።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ከኋላ የተቀመጡት እናት ይጀምሩ።